ያልተንቀጠቀጠ እጅ

ሾላ ገበያ አጠገብ ያለችው ፎቶ ቤታችን የሚገባ ሰው ሁሉ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን ፎቶዎች ያይና ሌንሱ ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል። የሙሽራዋ ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ይለያል፤ ከሩቅ በዙም የተነሳው ቄስ ግንባር ላይ ያለው ላብ ሳይቀር ይታያል። እኔም የሌንሱን ስም እነግራቸዋለሁ። ያንኑ ሌንስ ገዝተው ያነሱና የእነሱ ብዥ ብሎ ሲወጣ ተመልሰው መጥተው ይጨቀጭቁኛል። ሌንሱ እንዳልሆነ እኔ አውቃለሁ። ባሌ አምሃ እጁን የገራው ሠርግ ላይ አይደለም። አንድ ዓመት ሙሉ በምን ዓይነት ንዴት ሲለማመድ እንደከረመ ያየሁት እኔ ስለሆንኩ፣ እኔው ልናገረው።

አምሃ የኮተቤ ልጅ ነው። ኮተቤ ሲባል አስፋልቱና ሕንፃው ብቻ የሚታያቸው አሉ። የእሱ ሰዎች ግን ከዳገቱ ግርጌ፣ ባህር ዛፉ ከሚጀምርበት ላይ፣ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ የኖሩ ናቸው። እኔ የአዳማ ልጅ ነኝ። አግብቼው ስመጣ ጨርሶ ያልገባኝ ነገር ቢኖር የገና ጨዋታቸው ነው። በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ እንጦጦ ትከሻ ላይ ባለች አንዲት ሜዳ ላይኞችና ታችኞች በሚል በሁለት ሰፈር ተከፍለው ይሰለፋሉ። ሁሉም ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ይይዛል። እሩር የምትባለዋን የእንጨት ኳስ እየመቱ ከሌላው ወሰን ለማሻገር ይራኮታሉ። ሲያወሩት ቀላል ነው። ሲያዩት ግን ቅልጥም ሲቀጠቀጥ፣ ጥርስ ሲረግፍ፣ ሰው በሰው ላይ ሲወድቅ ነው። ዳኛ ብሎ ነገር የለም። በየዓመቱ አንድ ሰው በሸክም ሳይወርድ አይቀርም፤ ማታ ደግሞ ተሸካሚዎቹም የተሸከሙትም አብረው ይጠጣሉ።

ደግሞ ሕግ አላቸው። በገና የተመታ ሰው አይከስስም፣ አይቀየምም። ሽማግሌዎች መቺውንና ተመቺውን ካቃቀፏቸው በኋላ ነገሩ ዳግመኛ አይነሳም። ለምን መታኸኝ ብሎ መጠየቅ ይቅርና የመቺውን ቤተሰብ ስለዚያ ቀን ማናገር ነውር ነው። እኔ ሰው ሳያናግሩ ማስታረቅ ምን ዓይነት እርቅ ነው ስል አምሃ ይስቅብኝ ነበር። እሱ ራሱ በወጣትነቱ ከታችኞች ቀንደኛ መቺዎች አንዱ ነበር። የግራ እጁ ሁለት ጣቶች እዚያው ሜዳ ላይ ተሰብረው እስከ ዛሬ በደንብ አይታጠፉም። የሰበረው ሰው ሠርጋችን ላይ ሚዜ ሆኖ ቆሟል።

ካቻምና ገና የአምሃ ታናሽ ወንድም ምሥጋና ለታችኞች ተሰለፈ። ምሥጋና መኪና ቀለም ቀቢ ነው። ቀለም ሲያዋህድ በዓይኑ ብቻ ነው፤ የተጋጨ በር ቀብቶ ሲያስረክብ የቱ በር እንደተጋጨ ባለቤቱ ራሱ ይጠፋዋል። አምሃ የዚያን ቀን ደንበኛ ቤት ዘግይቶ ካሜራውን አንግቶ ዳገቱን በሩጫ ወጣው። እኔ እያለከለክሁ ከኋላው ስደርስ ዙሙን እስከ መጨረሻው ስቦ ማንሳት ጀምሯል። እሩሯ ተንከባላ ምሥጋና እግር ሥር ቆመች። ከላይኞች ወገን ሚሊዮን የሚባል አናጢ እየበረረ መጣና ዱላውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ባለ በሌለ ኃይሉ አወረደው።

ዱላው እሩሯን ስቶ የምሥጋናን ፊት አገኘው። ድምፁን ሰማሁት፤ ሐብሐብ ከእጅ አምልጦ ወለል ላይ ሲፈርጥ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ነበር። ምሥጋና ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጭኖ ተንበረከከ። በጣቶቹ መሃል የሚወርደው ደም ብቻ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን ቀደው ፊቱን ሲያስሩለት ዓይኑን እንዳያዩ ፊታቸውን አዙረው ነበር።

ታችኞች ወዲያው አምሃን ከበቡት። ሚሊዮን ሆን ብሎ ነው የሚሉ ነበሩ፤ ለእሩሯ ነው የሰነዘረው የሚሉም ነበሩ። አንስተሃል፣ አሳየን አሉት። አምሃ በካሜራዋ ትንሽ መስኮት አሳያቸው። ምሥጋና ብዥ ብሏል፤ ዱላው ጭራሽ የለም፤ ሚሊዮን ፊት መሆን ያለበት ቦታ ላይ ያለው ቡናማ ጭረት ብቻ ነው። ወዴት እያየ እንደመታ ማወቅ ቀርቶ ሰው መሆኑም አይለይም።

"እጄ ተንቀጠቀጠ" አለ አምሃ።

አንዱ መሬት ላይ ምራቁን ተፋ። ሌላው ፎቶ አንሺ ነኝ ባይ ብሎ ሰደበው። እኔም አላለፍኩትም፤ ቤት ስንገባ ለሰው ሠርግ የሚቆም እጅ ለወንድምህ እንዴት አይቆምም አልኩት።

የምሥጋና የግራ ዓይን አልተረፈም። ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሽማግሌዎች ሚሊዮንን ይዘው መጡ። የሚመሩት አቶ ኃይለጊዮርጊስ ናቸው፤ ለጨዋታው እንደ አባት የሚቆጠሩ፣ ሁለቱም ሰፈር የሚፈራቸው ሰው። ሚሊዮን ራስጌው ጋ መቅረብ አልደፈረም፤ ከአልጋው እግር በኩል ቆሞ መሬት መሬት እያየ ነበር። አውራ ጣቱ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ከጨርቁ የወጣው ጥፍሩ ጠቁሮ ሞቷል። አናጢ ተብሎ የራሱን ጣት የሚቀጠቅጥ ብዬ በሆዴ ናቅሁት።

"አላየሁህም" አለ ሚሊዮን።

አቃቀፏቸው። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ነገሩ እዚህ ላይ አበቃ፣ ከዛሬ ጀምሮ የሚያነሳው ሰው ከሁለቱም ሰፈር ይለይ ብለው መርቀው ወጡ። በሩ እንደተዘጋ ምሥጋና ፋሻውን በመዳፉ ጫን አድርጎ ተነስቶ ተቀመጠ። ድምፁ ቀዝቃዛ ነበር። "ፊት ለፊቴ ቆሞ ነው የመታኝ። እንዴት አላየሁህም ይላል?" አለ። ቀጥሎ የተናገረውን አልረሳውም። ሚሊዮን እሱን እያየ መትቶት ከሆነ ይገድለዋል። እሩሯን እያየ ከሆነ ግን ይተወዋል፤ ዕድሌ ነው ብሎ ይቀመጣል። ይህን የሚለይለት ደግሞ ፎቶ ነው።

አምሃ ያን ጊዜ ነው ቃል የገባው። ሰው አመታቱን አይቀይርም አለው። ሚሊዮን የሚመጣው ገና ላይም ይሰለፋል፤ ሲመታ ዓይኑ ወዴት እንደሚያይ ጥርት አድርጌ አነሳልሃለሁ፤ እስከዚያ ድረስ እንዳትነካው። ምሥጋና በእናታቸው አጥንት ማለ። እኔ መሃል ገብቼ ይህን ሁሉ ከምትሆኑ የሚያውቀውን ሰው ለምን አትጠይቁም፣ ሚስት አለችው፣ ጓደኛ አለው አልኳቸው። ወንድማማቾቹ እኩል ዞረው አዩኝ፤ ወለሉ ላይ የተፋሁ ነበር የሚመስለው። ነውር ነዋ።

ዓመቱ እንዲህ ተጀመረ። ምሥጋና ወደ ሥራው ተመለሰ ግን አልሆነለትም። በአንድ ዓይን ርቀት አይለካም፤ ውሃ ሲቀዳ ከብርጭቆው ጎን ያፈሳል፣ የቀለሙን መርጫ አንድ ጊዜ ያርቀዋል አንድ ጊዜ ያስጠጋዋል። የቀባው በር ከሩቅ ይለይ ጀመር። አንድ ደንበኛ ይህን ቢነግረው በመፍቻ ጥርሱን አወለቀው። ታክሲ ውስጥ በግራ በኩል የተጠጋውን ረዳት በክርኑ አፍንጫውን ሰበረው። ድሮ ድመት የማይረግጥ ልጅ ነበር። ማታ ማታ ፎቶ ቤት መጥቶ ከኋላችን ይቀመጥና አምሃ ያነሳውን በላፕቶፕ ላይ አንድ በአንድ ያያል። ጥርት ያለ ካልሆነ ተነስቶ ይሄዳል። እኔ መምጣቱን እፈራው ነበር።

አምሃ መጀመሪያ ያደረገው የተበላሸውን ፎቶ አሳድጎ ለቀናት ማፍጠጥ ነው። በመጨረሻ ሁለት ዓይነት ብዥታ እንዳለ ገባው። አንዱ ከእሱ እጅ የመጣ ነው፤ ከኋላ ያሉት ዛፎች ሳይቀሩ ሁሉም ነገር ወደ አንድ አቅጣጫ ተጎትቷል። ሌላው ከሚሊዮን ነው፤ ዱላው የጠፋው ከካሜራው ስለፈጠነ ነው። የፎቶ ሰው ሁሉ የሚያውቃት አንዲት መመሪያ አለች፤ ሌንሱን እስከ ሁለት መቶ ሚሊሜትር ድረስ ከሳብከው ሻተሩ፣ ብርሃን አስገብቶ የሚዘጋው መዝጊያ፣ ቢያንስ ከሁለት መቶኛ ሰከንድ መፍጠን አለበት የምትል። አምሃ ይህቺን ይዞ ነበር ሠርግ ሲያነሳ የኖረው። ሙሽራ አትሮጥም። ለሚወርድ ዱላ ግን ከሺኛ ሰከንድም በላይ መፍጠን ያስፈልጋል። ሌንሱ ውስጥ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የራሱን እጅ እንጂ የሌላ ሰው ዱላ አያቆምለትም።

ከዚያ የሚለማመድበትን ፍለጋ ወጣ፤ የመረጠውን ሳይ ደሜ ይፈላ ነበር። የሚበር አሞራ ወይም የሚጫወት ሕፃን አላነሳም። እንጨት ፈላጮች መጥረቢያ ሲያወርዱ ያነሳል። ሾላ ላይ ሁለት ተሸካሚዎች ተያይዘው ሲቧቀሱ፣ ሰው ገላጋይ ሲሆን እሱ እግሩን ከፍቶ ቆሞ ያነሳል። ለፋሲካ ጎረቤት ቅርጫ ሲጣል በሬው አንገቱ ሲቆረጥ ያነሳውን ፎቶ አሳይቶኛል፤ የደሙ ፍንጣቂ አንድ በአንድ አየር ላይ ቆሟል። ለቡሄ የሰፈሩ ጎረምሶች በጅራፍ ሲገራረፉ ጀርባቸው ላይ ሰንበሩ ሲነሳ አነሳ። አንድ ቀን ዳገቱ ላይ የውሻ መንጋ አንዱን ውሻ ከቦ ሲበላው ቆሞ አንስቶ መጣ። ድንጋይ አትወረውርም ነበር ወይ ብዬ ጮህኩበት። መወርወር እጄን ያዝልብኛል አለኝ። በዚያ ቀን ጠላሁት፤ አልደብቅም።

ግን እጁ እየተገራ መጣ። ድሮ ሌንሱን ከጎን ነበር የሚይዘው፤ የማይታጠፉት ጣቶቹ ስለማይጨብጡ ይንሸራተትበታል። ግራ መዳፉን ከሥር ዘርግቶ ሌንሱን እዚያ ላይ ማስተኛት ጀመረ፤ ክርኖቹን ጎድኑ ላይ ያጣብቃል፣ አንድ እግሩን ፊት ያስቀድማል። ካሜራውን ቅንድቡ ላይ ይደግፋል። ትንፋሹን አውጥቶ ሲጨርስ ቁልፏን ሳይወጋ ቀስ አድርጎ ይጫናታል። አንድ ብቻ አያነሳም፤ ተከታትለው ከሚወጡት መካከል ጣቱ ረግቶ የሚያገኘው መሃለኛውን ነው። ብርሃን ሲያንስ አይ.ኤስ.ኦ የሚሉትን፣ ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበትን መጠን፣ ከፍ ያደርግና ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። አሸዋ ያለበት ፊት ፊት ነው ይላል፤ የተንቀጠቀጠ ፊት ግን የማንም አይደለም። ዙሙን እስከ መጨረሻው ከመሳብ ይልቅ ጥቂት ራመድ ብሎ መጠጋትንም ለመደ።

ካቻምና ያበላሸውን አንድ ነገር ደግሞ ዳገቱ ራሱ ነገረው። እንጦጦን በሩጫ የወጣ ሰው ልቡ ድው ድው ሲል ሌንሱም አብሮ ይመታል። ባህር ዛፍ ላይ ተደግፌ ላንሳ ቢል ደግሞ ነፋስ ግንዱን ያወዛውዘዋል። ከሜዳዋ ዳር አንድ ትልቅ ድንጋይ አለ። እሱ ላይ ቀደም ብዬ ወጥቼ ልቤ እስኪረጋ እቀመጣለሁ አለ።

አምና ገና ደረሰ። አምሃ ምሳውን ሳይበላ ወጣ። እኔ ከሴቶቹ ጋር ስደርስ ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ካሜራው ጭኑ ላይ ነበር፤ ሰላም ስለው በጭንቅላቱ ብቻ መለሰልኝ። አንድ ክፉ ልማድ ደግሞ አላቸው። በቀደመው ዓመት የተመታና የመታ ሰው ቂም እንደሌላቸው እንዲታይ መጀመሪያ ሜዳ መሃል ተቃቅፈው ነው ጨዋታው የሚከፈተው፤ ከዚያም ሁለቱም ይጫወታሉ። አንድ ዓይን ያለውን ልጅ ዱላ አስይዘው ሜዳ መሃል አቆሙት። ሚሊዮን አቀፈው። ምሥጋና እጁን እንኳ አላነሳም፤ በሚሊዮን ትከሻ ላይ አሻግሮ ድንጋዩን፣ ወንድሙን ነበር የሚያየው። ወንድሜ ቃሉን ይጠብቃል ብሎ የሚያየው መሰለኝ። ልቤ ትንሽ ረጋ።

ጨዋታው ከወትሮው የከፋ ነበር። ገና ከመጀመሩ አንዱ በጉልበቱ ተመትቶ እያጓራ ወጣ። ሌላው ከንፈሩ ተሰንጥቆ ደሙን እየዋጠ ይሮጣል። አቧራው ውስጥ ዱላ ከዱላ ሲጋጭ፣ ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ድምፁን መለየት ችዬ ነበር። እሩሯ ከግርግሩ አፈትልካ ወደ ዳር ወጣች፤ ሚሊዮን ቀድሞ ደረሰባት። ብቻውን ነበር ማለት ይቻላል። ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሳ። ከድንጋዩ ላይ የካሜራው ሻተር ሲንጣጣ ሰማሁ።

ሚሊዮን እሩሯን መታት፤ በረረች። በዚያው ቅጽበት ሌላ ዱላ ከኋላው ወርዶ ማጅራቱ ላይ አረፈ። እጁን ሳይዘረጋ በፊቱ ተደፋ። ምሥጋና ከላዩ ቆሞ ዱላው ለሁለት ተሰብሮ ግማሹ በእጁ ቀርቶ ነበር። የሚሊዮን ሚስት ሒሩት ከሴቶቹ መሃል ወጥታ ስትሮጥ ነጠላዋ እሾህ ላይ ቀረ፤ ራሱን አቅፋ ስታዞረው ከጆሮው ደም ይወርድ ነበር። ሆስፒታል ሳይደርስ ሞተ።

ፖሊስ መጣ። ሜዳው ላይ የነበረ ሁሉ፣ ላይኛውም ታችኛውም፣ አንድ ቃል ተናገረ። ግርግር ነበር፣ ልጁ አንድ ዓይን ነው ያለው፣ እሩሯን ሊመታ ሰንዝሮ ነው፣ ሰውየውን አላየውም። ምሥጋናም ተጠየቀ። "አላየሁትም" አለ። ለጊዜው ለቀቁት። አቶ ኃይለጊዮርጊስ በገና የፈሰሰ ደም አይፈለግም ብለው ለእርቅ ቀን ቆረጡ።

ከቀብር ስንመለስ አምሃ ካርዱን ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ከጎኑ ነበርኩ። ፎቶዎቹ ተከታትለው ወጡ፤ እንደዚያ የጠራ ፎቶ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። የሚሊዮን ዱላ እሩሯን ሊነካ ጥቂት ቀርቶታል፤ የዱላው ጉጥ ይታያል። ፊቱ ተጨማዷል። ዓይኖቹ ጭፍን ናቸው፣ ሕፃን መርፌ ሲወጋ እንደሚጨፍነው ጥርቅም አድርጎ። ቀጣዩ ላይም ጨፍኗል፤ የሚቀጥለው ላይም። ከጀርባው ምሥጋና አለ። የእሱ ዱላ እሩሯ ጋ አይደርስም። የቀረችው አንድ ዓይኑ ተበልጥጣ የምታየው የሚሊዮንን ማጅራት ነው፤ ሌላ ምንም አይደለም።

ዓመት ሙሉ ወንድሙ የጠየቀው መልስ ይኸው ወጥቷል። ሰውየው እሱንም እሩሯንም አላየም ነበር። ሲመታ ጨርሶ አያይም። ምሥጋና ደግሞ ይህን ለማወቅ የቀረው እስከ ጨዋታው ማለቂያ ድረስ መታገስ ብቻ ነበር፤ አልታገሰም። እኔ ቶሎ ብዬ አጥፋው አልኩት። ወንድምህ ነው፣ ሌላ ወንድም የለህም፣ የሞተው አይመለስም አልኩት። ሲጠይቁህ እጄ ተንቀጠቀጠ በል፤ አንድ ጊዜ ብለኸዋል፣ ሁለተኛም ያምኑሃል። ዛሬም ያ ቀን ቢመለስ ያንኑ እለዋለሁ። እሱ ላፕቶፑን ከድኖ ወጣ።

የሠልስቱ ቀን ሚሊዮን ቤት ደጃፍ በተተከለው ድንኳን ውስጥ ሁለቱም ሰፈር ተቀምጧል። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ምሥጋናን ራሳቸው ይዘውት ገብተው አጠገባቸው አስቀመጡት፤ እንደ ሕጋቸው ለቅሶ መድረስ አለበት። ሒሩት ጥቁር ለብሳ ከእኛ ፊት ለፊት ነበረች። አልቅሳ ጨርሳለች። አምሃን ስታየው ቆየችና ድንኳኑ ሁሉ እየሰማ ተናገረች።

"ወንድሜ፣ አንተ ድንጋዩ ላይ ሆነህ ታነሳ ነበር። ሰው ሁሉ አላየውም ይለኛል። እውነት ነው?"

የአምሃን ክንድ ጨበጥኩት። አቶ ኃይለጊዮርጊስ ጉሮሯቸውን ጠርገው ቀደሙት። ያ ፎቶ እንደ ባለፈው ዓመቱ ሳይሆን አልቀረም፣ ሩጫና አቧራ ነበር፣ እጁም ጉዳት ያለበት ነው አሉ። መውጫውን በር ከፍተው ሰጡት ማለት ነው። እሺ ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

"አይደለም አባባ" አለ አምሃ። "እጄ አልተንቀጠቀጠም።"

ክንዱን ከእጄ አላቀቀና ከጃኬቱ ውስጥ ፖስታ አወጣ። እኔ ሳላውቅ ፎቶ ቤት እኔ በምሠራበት ማተሚያ አትሞታል። ለሒሩት በሁለት እጁ ሰጣት። እሷ ፎቶውን አውጥታ ረጅም ጊዜ አየችው። የሚሊዮንን ፊት በአውራ ጣቷ ቀስ አድርጋ ዳሰሰችው። ጮኻ ፊቷን ትነጫለች፣ የላይኞች ጎረምሶች ተነስተው ምሥጋናን ይቆራርጡታል ብዬ ፈራሁ። ሒሩት ተነሳች። ድንኳኑን አቋርጣ ሄዳ ፎቶውን ምሥጋና ጭን ላይ አስቀመጠችው።

"እይ" አለችው።

ምሥጋና መጀመሪያ ያየው ራሱን ነው፤ ቶሎ ብሎ ተወው። ከዚያ ፎቶውን በግራም በቀኝም እያዘነበለ ወደ ቀረችው ዓይኑ አስጠጋው።

"ጨፍኗል" አለ። ቀና ብሎ ወንድሙን አየው። "ዓይኑን ጨፍኗል እኮ።"

"ሁልጊዜ ነው" አለች ሒሩት። "ሚስማር ሲመታም ይጨፍናል። ለዚህ ነው ጣቱ ደህና ሆኖ የማያውቀው። ብትጠይቀኝ እነግርህ ነበር።"

ምሥጋና ፎቶውን ይዞ ተነሳ፤ ማንም አልያዘውም። ከድንኳኑ ሲወጣ ካስማው አደናቀፈው። አምሃ ተከትሎት ወጥቶ በማያይበት በግራው በኩል ሆነና ክንዱን ያዘለት፤ ኮተቤ መንገድ ድረስ ወርደው ፖሊስ ጣቢያ ገቡ።